ታድግበታለች ያልከው ሳይክል

ውዴ ጀማል፣

ለጤናህ እንዴት ነህ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ መልሱን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኛ ደህና ነን። ደህና የምለው ግን አንተ የምታውቀውን ደህና አይደለም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ ብዬ የምመልሰውን ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ እንዳይመስልህ። ተናድጃለሁ። ያናደደኝ ሳይክል ነው፤ ስለ ሳይክል ደግሞ በዚህ ቤት ማንም ሳይጠይቅህ የምታወራው አንተ ነበርክ። አሁን ስጠይቅ ዝም አልከኝ።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። የስፌት መኪናዬን ፍራንኮ ሰፈር ካለው ሱቅ አንስቼ ወደ በረንዳችን አምጥቼዋለሁ። ሱቁን ባለቤቱ ለልጁ ፈለገው። በረንዳው ላይ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንተ ሳይክልህን ከሰቀልክበት ግድግዳ ሥር። ስሰፋ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው። አላወረድኩትም። ጎማው ላይ ያለውን የወንጂ ጭቃ እንኳ አልጠረግኩም። ያን እሑድ ዝናብ መትቶህ ገባህ፣ በረንዳዬን አበላሸኸው ብዬ ስጮህብህ «ነገ አጥበዋለሁ» ብለህ ሰቀልከው። ነገ ሆስፒታል ሆነ። ጭቃው ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ሰው ሊያራግፈው ሲጠጋ «እሱን ተዉት» እላለሁ። እናትህ ከከሚሴ ሲመጡ «ልጄ፣ ዒዳሽንም፣ የሐዘን ጊዜሽንም ጨረስሽ፣ ይህን ነገር አሁን አውርጂው» ብለውኝ ነበር። ለእሳቸውም «ይቆይ» አልኳቸው።

ሐያት አሥራ ሰባት ሞላት። ትንሽ ሆና አንስተህ ሳይክልህ ኮርቻ ላይ ስታስቀምጣት፣ እግሯ አየር ላይ ሲወዛወዝ ትዝ ይልሃል? እኔ «ልጄን ትጥላታለህ!» እያልኩ ስሮጥ አንተ «ታድግበታለች» አልከኝ። ሳቅኩ፤ ቃሉ የእኔ ነዋ። እኔ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፤ በዚህ ከተማ ለልጁ በልኩ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ወላጅ ገጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም «ትንሽ ሰፋ አድርጊው፣ ያድግበታል» ነው የሚለኝ። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋለሁ፤ ልጁ ሲረዝም እጥፉን እፈታለሁ። ስንት ዓመት በ«ያድግበታል» እንጀራ በልተናል።

ግን አላደገችበትም ጀማል። እልኋን ከአንተ ወሰደች፣ ቁመቷን ከእኔ። ጫማዬን ታደርጋለች፣ ቀሚሴን ሳትጠይቀኝ ትለብሳለች፤ አንድ ልክ ነን። ያንተን ሳይክል፣ አንተው እያለህ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገህላት እንኳ መሪውን የምትይዘው በደረቷ ተዘርግታ ነበር። አንድ ቀን ቦኩ ዳገት ሥር ወድቃ ክርኗ ተልጦ መጣች። መልሰህ ሰቀልከው።

የከተማው የሳይክል ክለብ ውስጥ ከገባች ግን ዓመት አልፏታል። የምትለማመደው በውሰት ሳይክል ነበር። በነሐሴ አሠልጣኙ አስጠራኝና «ልጅሽ ጉልበት አላት፣ ሳይክሉ ግን የወንዶቹ ነው፣ እነሱም ከእረፍት ሊመለሱ ነው። መስከረም ሲገባ የራሷን፣ በልኳ ካላመጣች ለውድድር ስሟን ማስገባት አልችልም» አለኝ። «በልኳ» የምትለዋን ረገጥ አድርጎ ነው ያላት። ሐያት እቤት ስትደርስ «እተወዋለሁ እማዬ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። ምንም አይደል! ካንተ በኋላ ይህቺ ልጅ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ከልምምድ ስትመለስ ብቻ ነው። እሱንም ብትተው ምን ይቀራታል?

እንግዲህ ፍለጋ ወጣሁ። በቅናሽ የሚሸጡት ዘንድሮ በዝተዋል። ቴሌግራም ላይ «ታላቅ ቅናሽ! ከውጭ የገቡ ኮርስ ሳይክሎች!» ይላሉ፣ የውድድሩን ማለታቸው ነው፤ ፎቶው ዓይን ይስባል። «ልኩ ስንት ነው?» ብዬ ብጽፍ «ሃያ ስምንት»። ለሌላው ብጽፍ «ሃያ ስምንት»። «አነስ ያለ የላችሁም?» ብል «እህት፣ ኮርስ ሁሉ ሃያ ስምንት ነው። ፍጠኚ፣ እያለቀ ነው»። ሦስተኛው እንዲያውም ገና ሰላም ከማለቴ የእሳት ሥዕል ላከልኝ። ምን እየነደደ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በመጨረሻ እዚሁ ከአዳማ ገበያ ወረድ ብሎ፣ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ቀኑን ሙሉ «ቅናሽ! ቅናሽ!» የሚያስጮኸው ሱቅ ሄድኩ። ሐያትን ድንገት ላስደስታት ብዬ ብቻዬን። ሻጩ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ሳይክል አወጣልኝ። ቁመቷ ስንት ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ዕድሜዋን ጠየቀ። አሥራ ሰባት ስለው «በቃ፣ ሃያ ስምንት ነው ልኳ» አለኝ። አልረዘመም ወይ ብለው እጁን እያወዛወዘ «ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ታድግበታለች!» አለኝ። እኔም ያቺን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማት እጅ ሰጠሁ። ስንት እናት ያሳመንኩባት ቃል አይደለችም? ገዛሁት።

እቤት ሳስገባው ያንተን ሳይክል ቁጭ። ሐያት ወጣችበት፣ እንደገና ተዘረጋች፣ ወረደችና «አመሰግናለሁ እማዬ» አለችኝ፣ እንግዳ በምታናግርበት ድምፅ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ሜትሬን አወጣሁና ሐያትንም ሳይክሉንም እንደ ሱሪ መለካት ጀመርኩ። ጉዱ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ሃያ ስምንት የሚሉት የጎማውን ቁጥር ነው ለካ! የኮርስ ሳይክል ጎማ ለረጅሙም ለአጭሩም ያው ነው። ልክ የሚለያየው ቴላዮው ነው፣ ኮርቻውንና መሪውን የተሸከመው ብረት። ከተማው በሙሉ ሳይክል የሚሸጠው በጎማ ነው። የሰውየውን የጫማ ቁጥር ጠይቆ ኮት እንደ መስፋት ማለት ነው። ብረት ደግሞ እጥፍ የለው፣ ፈትቼ አላስረዝመው፣ አጥፌ አላሳጥረው።

ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ በጣቱ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እሺ አልኩት። ታውቀኛለህ፣ እሺ ስል ነው የሚፈራው። ከጎረቤት ሱቅ በርጩማ ተውሼ ድምፅ ማጉያው ሥር ተቀመጥኩ። ማጉያው «ቅናሽ!» ሲል፣ እኔ ለሚገባው ሰው «ለክታችሁ ግዙ፣ አይመልሱም» እላለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች ሥራ ፈተው ከበው ያዩኝ ጀመር። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተመለሰች፣ ቀጥሎም አንድ ሰውዬ። ቀትር ላይ የዙህር አዛን ሲል ሻጩ ወጥቶ «በአላህ ተነሺልኝ! ጓሮ ግቢና የፈለግሽውን ቀይሪ» አለኝ።

ጓሮው ሳይክል በሳይክል ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሮ። ሐያት አብራኝ የለችም። ግን አንድ ልክ ነን አላልኩህም? ቀሚሴን ሰብስቤ እያንዳንዱን እየተሻገርኩ ቆምኩበት። ብረቱ ከነካኝ እተወዋለሁ። ክርኔን ከኮርቻው ጫፍ አስደግፌ ጣቴ መሪው ጋ ይደርስ እንደሆነ አያለሁ፤ አንተ ሳይክል ስታይ እንዲህ ታደርግ ነበር፣ እኔ ስታሻሸው ይመስለኝ ነበር። ሻጩ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር አሁንም ያመልጠኛል፤ ሐያት ስትሰማኝ ታፈጥብኛለች።

ከሥር አንድ ቀለሙ የተላጠ፣ አመድማ ሳይክል አገኘሁ። ተሻገርኩት፣ አልነካኝም። ክርኔን አስቀመጥኩ፣ ጣቴ ደረሰ። በልኬ ነው፤ በልኳ ነው። ጎማውን የሚይዙት ክብ ብረቶች፣ ቸርኬዎቹ፣ ግን ሁለቱም ተጣመዋል፣ ሽቦዎቹ ግማሹ ረግፏል። ሻጩ «እሱ ለመለዋወጫ ያስቀመጥነው ነው፣ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። ቀዩን ሰጥቼው አመድማውን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ።

አሁን ደግሞ የጎማ ፍለጋ። ያለው ወይ ጎማው የሚወፍረው የማውንቴን ነው፣ ወይ እንደ ሐያት ሳይክል የተጣመመ ነው። ሞጆ ድረስ ሄድኩ። አብረውህ ከጉምሩክ ዕቃ ያወጡ የነበሩት ትራንዚተሮች ምሳ ጋበዙኝ፣ ስላንተ አወሩ፣ አሳቁኝ፤ ቸርኬ ግን አላገኙልኝም። መስከረም ገባ። የዩኒፎርም ሥራ አናቴ ላይ ነው፣ አሠልጣኙ ስልክ ይደውላል፣ ሐያት «ተይው እማዬ» ትለኛለች። ተይው ባለች ቁጥር ቀጥ አድርጌ ነዳሁ ያልኩት ስፌት ይጣመማል።

አንድ ቀን ከሰዓት ክር ላስገባ ቀና ስል ዓይኔ ከጎማህ ላይ አረፈ። ከጎኑ ጭቃው ተሰንጥቆ ቁጥሩ ይታያል። ሃያ ስምንት። ጎማ ለሁሉም አንድ ነው እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ ስሰብክ የሰነበትኩት እኔው ነኝ፤ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ግን አላየሁም። ሐያትን ጠራኋትና አሳየኋት። አልገረማትም። «አውቅ ነበር» አለችኝ። «ጭቃውን ስለምትጠብቂው ነው ዝም ያልኩት።»

ያን ጊዜ የተናደድኩት በሻጩ አይደለም፣ በቴሌግራሙም አይደለም። በአንተ ነው። ለምን ነገ አልክ? ያኔውኑ ብታጥበው ጎማ ብቻ ይሆን ነበር። ጭቃ ትተህልኝ ሄድክ፤ እኔም ጭቃ ጠባቂ ሆኜ ልጄ ለእኔ ብላ ሳይክሉን ልትተው ነበር። አለቀስኩ፣ እየተሳደብኩ። ከዚያ በርጩማዬ ላይ ወጥቼ አወረድኩት።

ሳይክል ሠሪ ጠርተን ጎማዎችህን ከነቸርኬያቸው ፈታልን፣ ለአመድማው ገጠመልን፣ ነፋልን፤ አየር ያዙ። ሐያት ወጣችበት። ክርኗ ዘና ብሎ ታጠፈ፣ እግሯ ፔዳሉን ሞላው። ከግቢው በር ስትወጣ ጭቃህ እየተሰነጠቀ ከኋላዋ ረገፈ። መጥረጊያ ይዤ ወጥቼ ነበር፣ መጥረግ አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ንፋስ ጠረገልኝ።

ቴላዮህ ያለ ጎማ ግድግዳው ላይ አለ። ማንም አያድግበትም፤ ያንተ ልክ ነው፣ እንደዚያው ይቀመጣል። የሐያት ስም ገብቷል። አልረሳህም ብዬ ቃል ልግባልህ አስቤ ነበር፣ ግን የሚያስረሳኝም የለም፤ በተለይ ትናንት።

ትናንት እሑድ ከክለቡ ጋር ወንጂ ደርሳ መጣች። ዝናብ መትቷታል። ጎማህ በጭቃ ተለውሷል፣ እሷም ሳትወርድ ማለት ይቻላል ከነጭቃው በረንዳዬ ላይ ወጣች፣ ለዩኒፎርም የዘረጋሁት ጨርቅ አጠገብ። «በረንዳዬን አበላሸሽው!» ብዬ ጮህኩ። እየሳቀች ከግድግዳው አስደገፈችውና ልትገባ ስትል «ነገ አጥበዋለሁ» አለች።

«አሁን!» አልኳት። ባልዲውን እኔው ሞልቼ አመጣሁ፤ እሷ ፊተኛውን ጎማ አጠበች፣ እኔ ኋለኛውን።

ራውዳ