ቧንቧው አጠገብ ትተሽው የሄድሽ ቃል

ለልጄ ለጽጌ፤

ያ ትኩሳት አንቺን ከነጠቀኝ ወዲህ ያላንቺ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እጄ ለመጻፍ ዘገምተኛ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊደል ካስቆጠረኝ በኋላ ብዙም አልጨመርኩበት። ግን ዛሬ የሆነውን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። በዚህች የስደት ወደብ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚሉት ሰፈር ያለችውን ቤታችንን ለቀቅኩ። ሦስት ሆነን የምትጠበን ቤት ለብቻዬ ሰፋችኝ። አሁን ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው በላይኛው የፈረንጆች ሰፈር አንድ ፈረንጅ ቤት ወጥ እሠራለሁ፤ የማድረውም እዚያው ጓሮ ነው። አልጋሽን ለጎረቤታችን ለሐዋ ልጆች ሰጠሁ። ነጠላሽን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ጫፉ በቋጠሮ ብዛት እንደተጨማደደ አለ፤ ባጥበውም አልተቃና።

አገራችን በጠላት እጅ ወድቃለች፣ ልጄ። ባቡሩ በመጣ ቁጥር ልጅ ያዘለች፣ ጓዟን በጨርቅ የቋጠረች ሴት ትወርዳለች። በፈረንጅ አገር፣ ታላላቆቹ መንግሥታት በተሰበሰቡበት ሸንጎ፣ አገራችን «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኻ ነበር። ወንዶቹ ጣቢያው ጥላ ሥር ጋዜጣ እያስነበቡ ስንት ጊዜ ተስፋ አደረጉ! የቆመላት አልተገኘም። እኔ ስናገር «አንቺ የመንግሥት ነገር ምን ይገባሻል?» ይሉኛል። አይገባኝ ይሆናል፤ የቧንቧ ተራ ግን ይገባኛል። ጉልበተኛ ቆርቆሮውን አምጥቶ ከፊት ሲደነቅር እያየ ዝም ያለ ሰው፣ የራሱም ተራ እንደሚወሰድበት አውቃለሁ።

ይህን የተማርኩት ካንቺ ነው። «በእኛ አገር» ይልሽ ነበር አባትሽ፣ «በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ አየር ላይ ያቆመዋል። የተጣሉት ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ያገኙትን መንገደኛ ዳኛ አድርገው ይሟገታሉ።» አንቺም ይህን ይዘሽ ከሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ልትቀጂ ወረድሽ። ሴቱ የላምባ ቆርቆሮውን በተርታ ደርድሮ ግድግዳው ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። የሐዋን ቆርቆሮ ካንቺ ፊት ስታዪው «በሕግ አምላክ!» ብለሽ ጮኽሽ። ሐዋ ያን ጊዜ አማርኛ አታውቅም፤ ከድምፅሽ ደንግጣ ቆመች። ነጠላሽን ከሻሿ ቋጠርሽና፣ በዚያ ሲያልፍ የነበረውን ዓረብ ሻይ ሻጭ እጁን ይዘሽ «ፍረድ!» አልሽው። ምስኪን ሰውዬ፣ ብርጭቆው ትሪው ላይ እየተንቀጫቀጨ ሁለታችሁንም ሰማ፤ ሴቶቹንም ጠየቀ። ለሐዋ ፈረደላት። ለካ ቆርቆሮዋን ከቦታው ያንከባለለው ነፋስ ኖሯል፤ እሷ የመለሰችው ወደ ራሷ ተራ ነው። አንቺን ያላግባብ ከሰሻልና ከሁሉ ኋላ ሁኚ አለሽ።

እኔ ቁጣሽን ስለማውቅ ፈራሁ። አንቺ ግን ቋጠሮውን ፈታሽ፤ ጎንበስ ብለሽ እጅ ነሣሽና ቆርቆሮሽን ይዘሽ ኋላ ሄድሽ።

ከዚያ ወዲያ ሐዋ ወዳጅሽ ሆነች። «ዳኛ ጽጌ መጣች፣ ሻሻችሁን ደብቁ!» እያለች ስታስቅብሽ፣ አንቺም እየሳቅሽ የነጠላሽን ጫፍ ታርገበግቢባት ነበር። ሶማሊዋም፣ አፋሯም፣ ዓረቧም ቃልሽን ለመዱት።

አሁን የዛሬውን ስሚኝ። ካምሲን በሚሉት በዚህ የሚያቃጥል ነፋስ የፕላቶው ቧንቧ ደርቋልና የቤቱ እመቤት ማዳም ወደ ታች፣ ወደ ድሮው ቧንቧችን፣ ለውሃ ላከችኝ። ከምሳ በፊት ካልመጣሽ ሌላ ሠራተኛ አላጣም፣ ባቡሩ በየጊዜው ያራግፋቸዋል አለችኝ። የቧንቧው ዘበኛ የያዝኩት የፈረንጅ ቤት ቆርቆሮ መሆኑን ሲያይ ገና ከሩቅ ጠራኝ። ተራው ልጅ ያዘለች የአገራችን ሴት ነበር፤ ከባቡር ከወረደች ብዙም አልቆየች። አየኋት። እያየኋትም ቆርቆሮዬን ከቧንቧው ሥር አስቀመጥኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ሐዋ ናት። የአገራችን ሴት ዘወር ብላ አየቻትና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ዘበኛው እየሳቀ «አንቺን ደግሞ ማን ሾመሽ?» አላት። ሐዋ እሱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። እኔን እያየች፣ «የጽጌ እናት፣ ዳኛ ልጥራ ወይስ ፍርዱን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

አውቀው ነበር። ቆርቆሮዬን አንሥቼ ኋላ ሄድኩ። ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ ስፈልግሽ፣ ለካ አንቺ እዚያ ተራ ላይ ቆመሽ ኖሯል።

ስመለስ ምሳው አልፎ ነበር። ማዳም ብዙ ተናገረች፤ ነገም ካረፈድኩ ጨርቄን ይዤ እንድወጣ ነገረችኝ። ብወጣ ወደ ሐዋ ቤት ነው። አልጋሽ እዚያ ነው፤ ጠርዙ ላይ ለእኔ የሚሆን ቦታ አይታጣም።

ተዝካርሽን እንደ ወጉ ማውጣት አልቻልኩም፣ ጽጌዬ። ነገር ግን እግሬ እስካለ ድረስ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ በቆምኩ ቁጥር አስብሻለሁ። ነገ ስወርድ ነጠላሽን እለብሳለሁ፤ የሚከሰኝ ቢኖር የሚቋጥርበት ጫፍ እንዳያጣ።

እናትሽ