የማን መልስ እንደሆነ ለማወቅ የቀረበ ትሑት አቤቱታ

ከሰርቨር ጋር መነጋገሪያ የኮድ ላይብረሪያችሁን ለዓለም በነጻ ላበረከታችሁ ክቡራን አስተዳዳሪዎች፣
ባላችሁበት

ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? እናንተም፣ ቤተሰቦቻችሁም፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚወለደው አዲሱ እትማችሁም እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልል፣ ከጠዋት ጀምሮ አምስት ደቂቃ እንኳ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም። ይህንንም ደብዳቤ ግማሹን ቆሜ ነው የጻፍኩት፤ አካሄዱ ቢዛነፍ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በአንድ ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማኅደር ክፍሉ ጎን፣ መስኮቱ በማይከፈት ቢሮ የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። የታካሚዎችን ውጤት ከላቦራቶሪው ሰርቨር አምጥቶ በሐኪሞች ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ፕሮግራም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ሄዶ የሚጠይቀውም፣ መልሱን ተቀብሎ የሚመጣውም በእናንተ ላይብረሪ፣ ማለትም ጽፋችሁ ባዘጋጃችሁልን ኮድ ነው። ስለዚህ እናንተ ባታውቁኝም እኔ በየቀኑ ደጃችሁን እጠናለሁ።

ባለፈው ወር አንዳንድ ሐኪሞች የዕለቱን ውጤት ሲጠይቁ ያለፈው ሳምንት ውጤት ይመጣላቸው ጀመር። አንዲት የኩላሊት ሐኪም በአሮጌ ቁጥር መድኃኒት ልታዝዝ ስትል ነርሷ ደርሳ አስቆመቻት። ሆስፒታሉ ታመሰ። ጥፋተኛ ተፈለገ፤ የተገኙትም ጋሼ ሽቦ ናቸው። ጋሼ ሽቦ የኔትወርክ ቴክኒሻናችን ሲሆኑ፣ ስሙ የወጣላቸው ኪሳቸው ከሽቦ ቁርጥራጭ ጸድቶ ስለማያውቅ ነው፤ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል። የሚዘረጉት መስመር እየተቆረጠ ነው፣ ሲቆረጥ ፕሮግራሙ ቀድሞ ያስቀመጠውን ያሳያል ተባለና ለሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርቡ ተጠሩ።

እሳቸው ግን በአንድ ስም ሁለት ሰርቨር እንደሚመልስ፣ አንደኛው መረጃው መታደስ ያቆመ አሮጌ ማሽን እንደሆነ ይጠረጥሩ ነበር። ሰኞ ቢሮዬ መጥተው፣ ለእያንዳንዱ መልስ የመለሰውን ማሽን የኔትወርክ አድራሻ አስመዝግብልኝ አሉኝ። እኔም ይሄማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ በሙሉ አፌ ቃል ገባሁላቸው። ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ አድራሻውን የሚያውቀውን ነገር በኮዳችሁ ውስጥ ሦስት ክፍል አልፎ ጓዳ ውስጥ ስላስቀመጣችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በስሙ መጀመሪያ ላይ ያሰመራችኋት ጭረትም «የውስጥ ነው፣ አትንካ» ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ተሸማቅቄ ገባሁ።

ሁለተኛ፦ መልሱ ተነብቦ እንዳለቀ ግንኙነቱን ለሌላ ጥያቄ እንዲያገለግል ወደ ጋራ ማከማቻ ትመልሱታላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ አድራሻውን የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው ባዶ ነው። ቁጠባችሁ ያስቀናል። እኔ ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው መጀመሪያ መልሱን አነበብኩ፣ ከዚያ ማን እንደመለሰው ጠየቅኩ። ላይብረሪያችሁ ተሳስተሃል አላለኝም፣ አላስጠነቀቀኝም፣ አንዲት ቀይ መስመር አላሳየኝም፤ በጨዋ ደንብ ባዶ ሰጠኝ። በሁለት ቀን ተኩል ሁለት ሺህ አንድ መቶ ረድፍ ተመዘገበ፣ የአድራሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ነጭ።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ መጣሁ። ሦስተኛው የእናንተ ብቻ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት፣ ሰዓቱ ደርሶብኝ፣ ዝርዝሩን ሳልገልጠው አትሜ ለኮሚቴው ሰጠሁ። አዎ፣ ሳላየው። የአስተዳደር ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ገለጡት፤ ባዶውን ዓምድ በእስክሪብቶ እየተከተሉ፣ ግንኙነት ቢኖር ኖሮ አድራሻ ይኖር ነበር፣ አድራሻ ከሌለ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው ብለው ደመደሙ። ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ሁለት ሺህ አንድ መቶ ማስረጃ፣ በገዛ እጄ ያቀረብኩት። ላስረዳ ተነሳሁ፤ እንደዚያ ማለት ላይሆን ይችላል ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሼ ሽቦ ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከቴክኒክ ክፍል ተነስተው ምድር ቤት ያለው የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ያዥ ተደረጉ።

አራተኛ፦ በዚያው ቀን ጻፍኩላችሁ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥም መለሳችሁልኝ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለተራ ተጠቃሚ እንደማያስፈልግ፣ ላይብረሪውም የተሠራው ሰው ስለ ግንኙነት እንዳይጨነቅ መሆኑን ገልጻችሁ ጥያቄዬን ዘጋችሁት። ለጭንቀቴ ስላሰባችሁልኝ ምን ብዬ ላመስግን? ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሲያናግረኝ ሁለቴ ካልጠራኝ አልሰማም። ያዳነኝ አንድ የማላውቀው ሰው ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የውይይት ገጽ ላይ የጣላት ምክር ናት፦ መልሱን ሳታነብ ያዘው፣ አድራሻውን ጠይቅ፣ ከዚያ አንብብ። ይኼው ነው። በእናንተ ሰነድ ውስጥ ለአርማችሁ ቀለም ታሪክ አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል፣ በጣም ያምራል።

አምስተኛ የለኝም፣ ልመና ግን አለኝ። የመለሰውን ማሽን አድራሻ ከመልሱ ጋር አያይዛችሁ ስጡን። ይህ ከበዛባችሁ ጊዜው ካለፈ በኋላ ስንጠይቅ በባዶው ፈንታ ጩኹብን። መጮህ ነጻ ነው፣ እኔም ሰሞኑን ለብቻዬ እየሞከርኩት ነው።

ለምትሰጡን ሁሉ፣ ይልቁንም ለምትሸሽጉልን ሁሉ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከእንግዲህ አንድም ወረቀት ሳያነብ ከእጁ ላለማውጣት የማለው፣

የሁልጊዜ ታዛዣችሁ፣
የሁለተኛ ፎቅ ፕሮግራመር

ማስታወሻ፦ አዲሱ ዝርዝር ትናንት ተጠናቀቀ። ዓምዱ ሞልቷል፤ አሮጌ ውጤት የመጣበት ረድፍ ሁሉ የአሮጌው ሰርቨር አድራሻ አለበት፣ የተቆረጠ መስመር አንድም የለም። ኃላፊው ግን ባለፈው ባዶ ያመጣ ሰው ዛሬ ሞልቶ ቢያመጣ ማን ያምነዋል ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ምድር ቤት ወርጄ ለጋሼ ሽቦ አሳየኋቸው። ጣታቸውን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አሳርፈው «ይቺን እኮ ሐሙስ ነበር የምፈልጋት፣ ልጄ» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። እናንተ መልስ ካላችሁ አድራሻቸው ምድር ቤት፣ በስተግራ ሁለተኛው በር ነው።