አሥረኛው ልጅ እስኪገኝ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የክትባት አስፈጻሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለአቶ መንግሥቴ፤
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ከርመዋል? ክረምቱ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና ከብትዎን እንደምን ይዟል? እኛ ልጃችን ከትምህርት ቤት በር ከመመለሷ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ያልተከተበ ሕፃን ካለበት ቤት ማንም ልጅ አንደኛ ክፍል እንዳይመዘገብ ያስለጠፉትን ትእዛዝ አንብቤ፣ ልጆቻችንን ከእኛ አብልጠው ስለሚወዱልን እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። በዚሁ ፍቅርዎ የሰባት ዓመቷ ፅጌረዳ፣ የአሥራ አንድ ወር እኅቷ የትናየት የኩፍኝ ክትባት ስለሌላት ሳትመዘገብ ቀርታለች። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በየማለዳው ከትምህርት ቤቱ በር እየቆመች መቼ እንደምትገባ ስትጠይቀኝ መልስ ስላጣሁ፣ እርስዎ ቢመልሱልኝ ብዬ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. አላስከትብም አላልኩም። ታናሽ ወንድሜን በኩፍኝ የቀበርኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ክትባት ጥቅም ለእኔ ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም። ሕፃኗን አዝዬ በዝናብና በጭቃ ሁለት ሰዓት ተኩል እየሄድኩ ጤና ኬላው ድረስ ሦስት ጊዜ ደርሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ባለሙያዋ ትዝታ፣ ምን ታድርግ፣ አንዱ ብልቃጥ የአሥር ልጅ መሆኑን፣ ከተከፈተም የተረፈው እንደሚደፋ፣ ስለዚህ አሥር ልጅ ሳይሞላ እንዳትከፍት ኮሚቴዎ በወረቀት እንዳዘዛት ነግራ መልሳናለች። ለብልቃጡ ያለዎት ርኅራኄ አንጀቴን በልቶታል።

፪ኛ. አንዱ ወረቀትዎ ተከተቡ ይላል፤ ሌላው አትክተቢያቸው ይላል። የሁለቱም ፊርማ የእርስዎ ነው፤ ደግሞ ሲያምር! ግዴታው መኖሩን አልቃወምም፤ የእኔ ልጅ ካልተከተበች በሽታው ለጎረቤት ልጅም ይተርፋል። ግን ግዴታ ያለበት ሕፃን ያዘለው ብቻ ነው ወይስ ብልቃጥ የያዘውም ጭምር?

፫ኛ. ፅጌረዳ ምን አጠፋች? ብልቃጡን የዘጋችው እርሷ አይደለችም። ይህቺን ሳስብ እውነቱን ልንገርዎና፣ ትሕትናዬ ያልቅብኛል።

ሥራ እንዳንፈታ ስላደረጉን ግን እናመሰግናለን። ለአረም ወንፈል እንደምንጠራራው ሁሉ፣ ዘንድሮ የሕፃን ወንፈል ጠርተናል። ጎረቤቴ እትዬ ፋንቱማ ቁጥሩ ይሙላ ብለው፣ ድሮ የተከተቡ አራት ልጆቻቸውን ነድተው መጡ። ካርዳቸው ታይቶ ተመለሱ፤ አንደኛውማ ጢም ጀምሮታል። አሁን ያልተከተቡ ዘጠኝ ሕፃናት አሉን። ሐሙስ ጠዋት ጤና ኬላው ደጅ እንሰበሰባለን፤ አንድ ጎደለን።

ጤናዎ እንደዚያ ብልቃጥ ማንም ሳይነካው ተጠብቆ እንዲኖር ከልብ የምትመኝ፣

የፅጌረዳና የየትናየት እናት
ቦጋለች

ግልባጭ፦ ወደ ዓርብ ገበያ ለሚወርድ መንገደኛ ሁሉ፣ በትልቁ ወይራ ላይ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ አሥረኛው ልጅ ተገኘ! የእርስዎ የአሥር ወር ልጅ ነው። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሙሉነሽ እንደ እኛው ሁለት ጊዜ ተመልሰው ኖሯል፤ ዛሬ ከወንፈሉ ገብተዋል፤ ብልቃጡም ሐሙስ ይከፈታል። ታላቁ ልጅዎ ግን ባለፈው ሳምንት አንደኛ ክፍል እንደተመዘገበ ሰምቻለሁ። በትእዛዝዎ መሠረት እስከ ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ እንዲጠብቅ ይላኩልን፤ ፅጌረዳ ብቻዋን መቆም ሰልችቷታል።