አረንጓዴው የአክስቴ ሰፈር

ጥቅምት 4
ካርታው አለቀ። የውሃ መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። የቧንቧ ብልሽት ጥሪ የበዛበት ሰፈር ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ዝም ያለው አረንጓዴ። ለራሴ አጨበጨብኩ... ማን ይከለክለኛል? አለቃዬም ፊታቸው በራ። ጣታቸው ዳገት ሰፈር ላይ አረፈ።
"አረንጓዴ! ታዲያ እዚያ ያስቀመጥነው የጥገና ቡድን ምን ይሠራል? በወሩ መጨረሻ ይነሳ።"
የአክስቴ ሰፈር ነው። ኮራሁ። ዘመዶቼ ቧንቧ አያያዝ ያውቃሉ።

ጥቅምት 10
አክስቴ ጋ ምሳ። እጄን ልታጠብ ቧንቧ ብከፍት... አየር ተነፈሰብኝ። እየሳቀች ከጀሪካን ቀድታ አስታጠበችኝ።
"እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ከካቻምና።"
"ታዲያ አትደውሉም?"
"ደውለን ደውለን ምላሳችን ተላጠ፤ ተውነው። ደሞ ደረቅ ቧንቧ ምኑ ይፈነዳል ብለን እንደውል?"
ዝምታን ጤና ነው ብዬ አረንጓዴ ቀባሁት! ሊቁ እኔ። በጥሪ ብቻ የሚወጣው ቡድን ጭራሽ ከተነሳማ አክስቴ ጀሪካኗን እንዳቀፈች ማርጀቷ ነው።

ጥቅምት 11
አዲስ ካርታ። ጥሪውን ትቼ ወደየሰፈሩ የሚገባውን ውሃ ቀባሁ፤ ብዙ የሚደርሰው አረንጓዴ፣ የተጠማው ቀይ። ዳገት ሰፈር እንደ ፍም ቀላ።
"ባለፈው አረንጓዴ አልነበረም? ምን አደረግኸው?" አሉ አለቃዬ።
"ያ የስልካችን ጩኸት ነበር። ይሄ ውሃው ነው።"
"የበፊቱ ያምር ነበር..."
"በጣም ያምራል ጌታዬ። እጅ ግን አያስታጥብም።"
አዲሱን ካርታ ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ቡድኑ ይቆይ። መስመሩን ይፈትሽ።"
አፌ ይባረክ!

ጥቅምት 25
ቡድኑ አገኘው። ዳገቱ ሥር፣ አፈር የዋጠው የመስመሩ መዝጊያ፣ ጥርቅም ብሎ። ማን ዘጋው? ማንም። እንደተለመደው በራሱ ተዘጋ። ከፈቱት።

ኅዳር 2
የጥሪ ካርታውን ብከፍት ዳገት ሰፈር ቀልቷል። አለቃዬ ጠረጴዛ ደበደቡ።
"ይኸው! ጠገንነው ስትል ብሶበት አረፈ!"
"ውሃ ገብቶ እኮ ነው። ሁለት ዓመት የደረቀ ቧንቧ ውሃ ሲያገኝ ቢያፈስ ይፈረድበታል?"
ስልኬ ጮኸ። አክስቴ።
"አንተ የማትረባ! ግቢዬ ሐይቅ ሆነ! ሰው ላክ እንጂ!"
እየሳቀች ነው የምትሰድበኝ። ከኋላዋ ውሃው ሲንፎለፎል ይሰማኛል... ቡድኑ እዚያው ነው፤ ላክሁላት።
ጥሪዋን ራሴ መዘገብኩ። ሰፈሩ ትንሽ ይበልጥ ቀላ። ይሄን የመሰለ ቀይ ቀብቼ አላውቅም።