የመጋዘኑ ማብሪያ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 2/1965፣ ማምሻውን

ማስታወሻዬ፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። ሸራ ጎትቼ የማሽላውን ጆንያዎች አለበስኩ። መብራቱን ላጠፋ ማብሪያውን ስነካው ሰማያዊ እሳት ተፋ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። አሁን መብራቱ ጠፍቷል፣ ግድግዳው ግን ውስጥ ውስጡን ይንጣጣል። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ጆንያው ደግሞ እዚያው ሥሩ ነው። እሳት ቢነሳስ?

ባለቤቴ ገ/ሥላሴ ደሴ ነው፤ የጭነት መኪና ፍለጋ። ሲሄድ አደራ ያለኝ አንድ ነገር፦ መጋዘን ማንም እንዳይገባ። ለሰው ሁሉ ባዶ ነው ብሏል። እኔም ብያለሁ። በፍልሰታ ጾም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

ዝናብ። ዘሩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ መጣ፤ ምን ይዘራበት!

ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ለሰፈሩ መብራት የሚሰጠው የወፍጮው ሞተር ነው፣ ባለሙያው አቶ ካሳ። የመኝታ ቤት ማብሪያ ተበላሸ ብዬ ዋሸሁት። አስረዳኝ፦ መጀመሪያ መብራቱ እንዲቋረጥ ባልቦላውን መንቀል። የሚመጣውን ሽቦ በአንዱ ብሎን፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደውን በሌላው ማሰር። በእርጥብ እጅ አለመንካት።

«እኔው መጥቼ ላድርግልሽ እንጂ፣ እህቴ» አለ።

አይ፣ አትድከም አልኩት። ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

ስመለስ በራችን ሥር ሴት ተቀምጣለች። ፋጡማ ትባላለች፣ ከሮቢት በታች ካለው ቆላ። ሕፃን ታቅፋለች። ውሃ ሰጠኋት፣ መረቀችኝ። እህል አልጠየቀችኝም። እሱ ባሰብኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 4፣ ከቀትር በኋላ



ባልቦላውን ነቀልኩ። በሩን ለብርሃን ከፈትኩ፣ ወንበር ላይ ቆምኩ። የድሮው ማብሪያ ሲፈታ ውስጡ ከሰል ሆኗል። የሽቦውን ጫፍ በቢላ ላጥኩ። ገ/ሥላሴ አምና ያመጣው ትርፍ ማብሪያ ነበር፤ አንዱን ሽቦ አሰርኩ። ሁለተኛውን ሳስር ብሎኑ አመለጠኝ፣ ጆንያ መሃል ገባ። ጆንያውን ብጎትተው ተተረተረ። ማሽላው ጉልበቴ ድረስ ወረደ። እዚያው ተንበርክኬ ብሎኑን ከእህሉ ውስጥ ፈለግሁ። አገኘሁት። አሰርኩት። ላብ በላብ።

የግቢው በር ተንኳኳ። ፋጡማ፤ ልጁ ውሃ ፈልጎ። ልብሴን ሳላራግፍ ወጣሁ። ቀሚሴን አየች። ጎንበስ ብላ ከጠርዙ አንዲት ፍሬ ለቀመች፣ አኘከቻት፣ በልጁ አፍ አደረገችለት።

«እህል አለሽ ለካ» አለች። ቀስ ብላ። ቁጣ እንኳን የለውም።

በሩን ዘጋሁባት። ማስታወሻዬ፣ ዘጋሁባት።

ያው ዓርብ፣ ማታ

ባልቦላውን መልሼ ሰካሁ፤ ሞተሩ ተነሳ። ማብሪያውን በእንጨት ጫፍ ገፋሁት። በራ። አልተንጣጣም፣ አልሸተተም። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው የጆንያው ክምር እስከ ጣሪያ ታየኝና ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

አንድ ሾፌር መልእክት አመጣ፦ ገ/ሥላሴ መኪና አግኝቷል፣ ነገ ይገባል፤ እህሉ ለሽያጭ ደሴ ይሄዳል።

ወጥቼ ፋጡማን አስገባኋት። የማሽላ አጥሚት በጥብጬ አጠጣኋቸው፣ ጥቂት በጥቂት። ልጁ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሦስተኛው ረጋ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ጠዋት አቶ ካሳን ጠርቼ መጋዘኑን አሳየሁት። ጆንያ ተሸክሞ ወደ ወፍጮው ሄደ። ግቢው ውስጥ በርሜል ሙሉ አጥሚት ጣድን። ከመኪና መንገዱ ዳር የሰፈሩት ረሃብተኞች መጡ፣ መራመድ ያልቻሉትን ካሳ ሰው አስተባብሮ በቃሬዛ አመጣቸው። አንድ ሽማግሌ ጽዋው እጁ ላይ እንዳለ አረፉ። ሳይጠጡ።

ከሰዓት ገ/ሥላሴ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ ጓዳ ጎትቶኝ አበድሽ ወይ አለ። አላበድኩም፣ ሰዉ እየሞተ ነው አልኩት። ዕድሜ ልኬን የለፋሁበት አለ፤ አለቀሰ። አሳዘነኝ። እውነቱን ነው፣ ለፍቷል። የቀረውን ነገ በማለዳ እጭናለሁ ብሎ ሳይበላ ተኛ።

በርሜሉ ዳር የተኙት ያስላሉ። የመጋዘኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጋር ነው። አልሰጠውም።