ስም ያልተጻፈበት ደጋን

ክብር ለኢየሱስ ክርስቶስ ይሁን፤ አንቺም ባለሽበት ሆነሽ «ለዘላለም» ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አምናለሁ።

ለተወደድሽው የክርስትና ልጄ፤

ከጥምቀት ውኃ በእነዚህ እጆቼ የተቀበልኩሽ ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? የኢሪ ሐይቅ ነፋስ ለደረት እንደማይመች ስለማውቅ፣ የጀልባ ሸራ የምትሰፊበት አዳራሽ ማሞቂያ ይኑረው አይኑረው ዘወትር ያሳስበኛል። እኔ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ጉልበቴ ለስግደት ቢለግምም ድምፄ ገና አልከዳኝም። መዘምራኑ ግን አራት ቀርተናል፤ ከአራታችንም አንዷ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሁላችንም ካበቃን በኋላ ብቻዋን ታዜማለች፤ እግዚአብሔር የእርሷን ሳይመርጥ አይቀርም። ፓራስካ ዛሬም በጾሙ ዓርብ ዓርብ ሴቶቹን በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስባ ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል፣ ፒሮሂ፣ እየቀቀለች ለጣሪያው ማሠሪያ ትሸጣለች። «ያች ጣተ ቀጭን ልጅ ብትኖርልኝ ኖሮ ጠርዙ ውኃ ውስጥ አይፈታብኝም ነበር» እያለች ስምሽን ታነሣለች።

ልጄ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ያዘገየኝ ስንፍና ሳይሆን ኀፍረት ነው። ሰው የራሱን ኀፍረት ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ የወዳጁን ኀፍረት ለወዳጁ ልጅ መንገር ግን የኖኅን ዕርቃን እንደገለጠው እንደዚያ ልጅ መሆን መሰለኝ። እንደ ሴምና እንደ ያፌት ፊቴን አዙሬ፣ በልብስ እየሸፈንኩ ልነግርሽ ሞከርኩ፤ የሸፈንኩት ሁሉ ግን ሐሰት ሆነብኝና ቀደድኩት። ስለዚህ እንዳለ ስሚኝ። ነገሩ የአባትሽ ነው።

ሚትሮ ፔትሩናክ በዚህ የከሰል ሸለቆ ምን ሰው እንደነበረ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አያቶቻችን ከካርፓት ተራሮች ድንጋይ ከሰል ሊቆፍሩ መጡ፤ ከእነርሱ ልጆች መካከል ስሙ ከሸለቆው አልፎ የተሰማለት እርሱ ብቻ ነበር። ደጋን ሠሪ ነበር፤ የባለ መዘውር ደጋኑን እጀታ ከአሉሚኒየም ራሱ ይቀርጻል፤ በሁለቱ ክንዶች ጫፍ የሚዞሩትን መዘውሮችም ራሱ ይሞርዳል። «ሁለቱ መዘውሮች እንደ ሁለት መዘምራን እኩል ካልጀመሩና እኩል ካልጨረሱ ፍላጻው ይስታል፤ ይህንንም ትከሻ እንጂ ዓይን አያውቀውም» ይል ነበር። ስለዚህ አንድም ደጋን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ሳይገትረው ከሱቁ አይወጣም። ከዚያ በደጋኑ ክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀጭን ብዕር ስሙን ይጽፋል። ያ ስም «እኔ ሠራሁት» ማለት እንዳልነበረ፣ «እኔ ገትሬዋለሁ» ማለት እንደነበረ አዳኝ ሁሉ ያውቃል። አውታሩን የምታስሪው ደግሞ አንቺ ነበርሽ።

ከዚያ ደጋኖቹ መመለስ ጀመሩ። «ወደ ግራ ይጥላል» የሚል መጣ፤ «ይንቀጠቀጣል» የሚልም መጣ። ያችን የመከራ ቅዳሜ አልደግምልሽም፤ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ አባትሽ «አውታሩን የምታስረው ልጄ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ልቧ ከእጇ ጋር አይደለም» ሲል ሰምተሻል። ከሱቁ ወጣሽ፤ ከሸለቆውም ወጣሽ። ደጋኖቹ ግን አንቺ ከሄድሽም በኋላ መመለሳቸውን አልተዉም። ያን ጊዜ ይህን ልብ ያለ አልነበረም፤ «አዲሱ አሳሪ ገና አልለመደም» ተባለና ታለፈ።

ዛሬ የሱቁ እኩሌታ የመኪና ጎማ ማከማቻ ሆኖ ተከራይቷል። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ሄደዋል። አባትሽ የጎረቤቱን የሣር ማጨጃ ስለት እየሳለ ይኖራል። ለውድቀቱም ሁሉ መስቀለኛውን ደጋን ይከስስ ነበር። የፔንሲልቬንያ መንግሥት እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚተኮሰውን ያን መሣሪያ በደጋን አደን ወራት ለሁሉ ከፈቀደ ወዲህ፣ መግተር የከበደው ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። አባትሽም «ይህ የሰነፍ ጠመንጃ ነው እንጂ ደጋን አይደለም» እያለ ያላሳፈረው ሰው አልነበረም። ሥጋ ቆራጩ ዋሲል ዱቤይ ጣቶቹ በቁርጥማት አብጠው መስቀለኛ ደጋኑን ሊያሳየው ቢመጣ፣ በሰው ፊት «ዋሲል፣ ይህን ተሸክመህ ተራራ ከምትወጣ አጋዘኑን በስሙ ጠርተህ ጓዳህ ድረስ ብታስገባው አይሻልህም?» ብሎ መለሰው። ዋሲል የዋህ ሰው ነው፤ የዋህ ሰው ግን ረሺ አይደለም።

ባለፈው መከር፣ የልደት ጾም ሊገባ ሲል፣ አባትሽ አንድ አጋዘን ገደለ፤ እንደ ወትሮውም እንዲቆራርጥለት ለዋሲል ሰጠው። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤቱ ገብተን ስንበላ ዋሲል ከኪሱ አንዲት ፍላጻ አውጥቶ በገበታው መካከል አኖራት። አጭር ነበረች። የመስቀለኛ ደጋን ፍላጻ እንደዚያ አጭር መሆኗን በዚያ የነበረ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ወገኖቼ፣ ይህች ከሚትሮ አጋዘን ጎን የወጣች ናት» አለ። «እንዲህ ያጠረችው በጾም ብዛት ነው ወይስ በእርጅና?»

ፓራስካም ከምድጃው ዘንድ ሆና «ተዋት፣ ገና ልጅ ናት፤ ታድጋለች!» ብላ ጨመረችበት። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ሣቅሁ። የአምላክን ምስጋና የሚያዜመው ይህ አፌ ከሁሉም ይልቅ ከፍ አድርጎ ሣቀ፤ ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይግላል። አባትሽ ሳህኑን በግራ እጁ አስቀምጦ ኮፍያውን በግራ እጁ አንሥቶ ወጣ። ግራ እጁን ያየሁት ከሣቅሁ በኋላ ነው።

ተከትዬው ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ፣ በማይሠራው ማሽን ዘንድ ቆሞ አገኘሁት።

«አበልጄ፣ ሣቅህን ይዘህ መጣህ?» አለኝ።

«ልመልሰው መጣሁ» አልኩት።

ካፖርቱን በሚስማሩ ላይ ሊሰቅል ሞከረ። ቀኝ ክንዱ እስከ ደረቱ ደረሰና ቆመ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ካፖርቱን ተቀብዬ ሰቀልኩለት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «እናቷን ከቀበርን በኋላ ከመቃብሩ ስወርድ በበረዶው ላይ ወድቄ ነበር» አለኝ። ያ ክረምት አንቺ ከመሄድሽ በፊት የነበረ ክረምት ነው፤ ደጋኖቹ መመለስ ከመጀመራቸውም በፊት።

«እንግዲያ እነዚያን ደጋኖች ማን ገተራቸው?» አልኩት።

«ማንም።»

«ስሙንስ?»

«ስሙን እኔ። ለመጻፍ ትከሻ አያስፈልግም።»

ለመጠየቅ አንድ ነገር ቀረኝ። «የልጅቱስ አውታር?» አልኩት። ፊቱን ወደ ማሽኑ መልሶ «ደህና ነበር» አለ። «አንድም ቀን ደህና ያልሆነበት ጊዜ የለም።»

ልጄ ሆይ፣ ነቢዩ ጠማማ ደጋን ብሎ የገሠጻቸውን ሰዎች ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነብባቸው ኖሬያለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ቡና አብሬው የምጠጣ ወዳጄ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በሥላሴ ስም ያልገተረውን ገትሬያለሁ ብሎ ፈረመ፤ ፊርማው ሐሰት መሆኑ እንዳይታወቅ ደግሞ የአብራኩን ክፋይ ከሰሰ። ሰው ትከሻው ስለሞተ ሊያፍር አይገባም ነበር፤ እርሱ ግን አፈረ፤ ከኀፍረቱ ሲሸሽም ወደ ባሰ ኀፍረት ገባ። ወደ ንስሐ ሂድ ብዬ ብመክረው «ሄጃለሁ» አለኝ። «ቄሱ ፈቱኝ። ይህ ሱቅ ግን አልፈታኝም።»

በዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለውን የይቅርታ እሑድ ታስታውሺዋለሽ። እያንዳንዱ በእያንዳንዱ ፊት ይሰግዳል፤ «እኔን ኃጢአተኛውን ይቅር በለኝ» ይላል፤ የተሰገደለትም «እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» ብሎ መልሶ ይሰግድለታል። አባትሽ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በዚያ ማታ ቤተ ክርስቲያን ታይቶ አያውቅም። ዘንድሮ መጣ። ሰልፉ ዋሲል ዘንድ ሲያደርሰው ሰገደለት፤ ዋሲልም የሚገባውን መልስ ከመለሰ በኋላ በጆሮው «የእኔ መስቀለኛ ከአንተዋ ትቀላለች፤ ብትፈልግ አውስሃለሁ» ሲለው ሰማሁ። አባትሽ ፈገግ አለ፤ ብዙ ዘመን ያላየሁትን ፈገግታ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ተሰጋገድን።

ከእኔ ቀጥሎ በመዘምራኑ መቆሚያ አንቺ ትቆሚበት የነበረው ስፍራ ነው። ማንም አይቆምበትም፤ የከለከለ የለም፤ እንዲያው ልማድ ሆኖብን ነው። አልፎት ወደ ፓራስካ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ አባትሽ በዚያ ባዶ ስፍራ ፊት ተንበረከከ፤ ግንባሩንም ከሳንቃው አደረሰ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ቆመ። በዚያ ሥርዓት ከተወሰነው ቃል በቀር ማንም ምንም አይናገርም። እርሱ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እየሰማ «አውታሩ ደህና ነበር» አለ። «ሳልገትር የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጄን በሐሰት ከሰስኳት። ይቅር በይኝ።»

ከዚያም መልስ ጠበቀ።

አንቺ ሕፃን ሳለሽ ስለ አንቺ የመለስኩ እኔ ነኝ። ቄሱ «ሰይጣንን ትክጃለሽን?» ሲሉሽ «እክዳለሁ» ያልኩ፣ «ታምኛለሽን?» ሲሉሽ «አምናለሁ» ያልኩ ይህ አፌ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ፓራስካም በክርኗ ጎሸም አድርጋ «መልስለት እንጂ!» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን የእኔ አልነበረምና አልወጣም። አባትሽም መልስ ሳያገኝ ለመነሣት ሞከረ፤ በአንድ ክንድ መነሣት አቃተው። ዋሲልና እኔ ደግፈን አነሣነው። በማግሥቱ ስለዚህ ነገር በሸለቆው የሣቀ ሰው አልሰማሁም። የፈረመባቸውን ደጋኖች የያዙ ሰዎች ግን እየመጡ በሱቁ ደጃፍ ይተዉለታል፤ እርሱም ያለ ክርክር ይቀበላቸዋል።

ከዚያ ወዲህ አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ በሱቁ ይውላል። የሣር ማጨጃ ስለት ሲስል መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በእናትሽ የትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ወደ ቤቴ መጣ። ደጋን ነበር፤ ትንሽና ቀላል፣ ለሴት ክንድ የተመጠነ። ልኩን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው «ከበሩ መቃን» አለኝ፤ ከልጅነትሽ እስክታድጊ የክንድሽን ርዝመት እየለካ በቢላዋ ይፍቅ የነበረበት መቃን ዛሬም ቀለም አልተቀባም። «ላክላት» አለኝ። ደብዳቤ አብሬ ልጻፍ ወይ ብዬ ብጠይቀው «የምትጽፈውን አንተ ታውቃለህ፤ ነይ ብለህ ግን እንዳትጽፍ። እኔ ሂጂ ብዬ በሰው ፊት እንዳባረርኳት፣ በሰው እጅ ነይ አልላትም» አለ።

ስለዚህ ነይ አላልኩሽም። የፋሲካ ቅርጫት የሚባረከው እንደ ጥንቱ ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ መሆኑን መጻፍ ግን አልተከለከልኩም። በአንቺ ስፍራም ዛሬም ማንም እንደማይቆም ጽፌልሻለሁ።

ደጋኑን ለመላክ ስጠቀልለው ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። መዘውሮቹ እንደ ቀድሞው ዘመን ሥራው ያማሩ ናቸው። አውታር ግን የለውም።

«አውታሩን ረስተሃል» አልኩት።

«አልረሳሁም» አለኝ።

ገልብጬ የክንዱን ውስጠኛ ገጽ ብመለከት ስሙም የለም፤ ስፍራው ተለስልሶ ባዶውን ተትቷል። በትራሱ ልብስ ጥግ አንድ ቀጭን ነገር በክር ታስሮ ዳሰስኩ። ፈትቼ ባየው ስሙን ይጽፍበት የነበረው ብዕር ነው። እንደ ነበረ መልሼ አሰርኩት።

የአባቶቻችን አምላክ ከነፋስና ከሳል ይጠብቅሽ፤ የምትሰፊው ሸራ ማዕበል አይቅደደው፤ የቤትሽ ደጃፍ ለመልካም እንግዳ የተከፈተ፣ ለክፉ የተዘጋ ይሁን። በጥምቀትሽ ቀን ያበራሁልሽን ሻማ የሚጠብቅ እርሱ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ዓይኖችሽን በሰላም ወደ ብርሃነ ትንሣኤው ያድርሳቸው፤ ከአንቺ ጋር በአንድ ጣሪያ የሚኖሩትንም ሁሉ ይባርክ። አሜን።

አንድ ጊዜ ስለ አንቺ የመለሰ፣ ዳግመኛም መመለስ ያቃተው፣

የክርስትና አባትሽ