ማሰሪያ የሌለው ማህደር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ክሊኒኩ ጭር ብሎ ዋለ። ማይክሮስኮፑን ወለወልኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ደግሜ ወለወልኩ። ቤት ስገባ አባዬ ከባንክ ጥበቃው ተመልሶ ቀበቶውን ሲፈታ የሽጉጥ ማህደሩ መሬት ላይ ወደቀ። ባዶውን ነው። ሽጉጡ እዚያው መሥሪያ ቤት ተቆልፎበት ነው የሚያድረው፤ እማዬ ደጃፏንም እንዲረግጥ አትፈልግም።

አነሳሁት። ሽጉጡን ከላይ አቅፎ የሚይዘው፣ በአውራ ጣት ጠቅ ተደርጎ የሚከፈተው ማሰሪያ የለም።

አርጅቶ ተበጠሰ አለኝ። የጥበቃ ኃላፊው አይተው ተቆጥተዋል፤ በዚህ አያያዝህ አንድ ቀን ሽጉጡ ደንበኛ እግር ሥር ይወድቃል ብለውታል። አዲስ እስኪመጣ ደግሞ ማን ይጠብቃል?

እኔ እሠራልሃለሁ አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። በዕድሜዬ ቆዳ ቆርጬ አላውቅም። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ ልጠግነው ብዬ የፈታሁት የግድግዳ ሰዓት እስካሁን በካርቶን እንደተቀመጠ አስታወሰችኝ። ሐቋን ነው... ግን ማህደር እንዴት ነው የሚሠራው? ለብረትስ እንደ ሰው ልክ ይወሰዳል?

የካቲት 6

ከሥራ መልስ ጫማ ሠሪው ዘንድ። ጋሼ ወስፌ ነው የምንላቸው፤ ወስፌያቸውን እንደ አናጺ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ስለሚውሉ። ለማህደር ነው ስላቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ «ባንክ ልትዘርፊ ነው ወይስ ልትጠብቂ?» አሉኝ።

ወፍራም ቆዳ፣ አሮጌ ወስፌና በሰም የታሸ ክር ሰጡኝ። አሰፋፉንም አሳዩኝ። አንድ ክር ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ። አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ ይመጡና በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። ሁለት እጅ ይፈልጋል። በአንድ በኩል ያለው ቢበጠስ በሌላው በኩል ያለው ይይዘዋል። እንዴት የሚያምር ነገር ነው! እስከ ዛሬ የቆዳ ስፌት ሁሉ በማሽን ይመስለኝ ነበር።

የካቲት 9

ሽጉጡ ቤት ስለማይመጣ አባዬን ልኩን አምጣ ብዬው ነበር። በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮ አመጣው። መስመሩ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው መንገድ ነው የሚመስለው። ይሄ ሽጉጥ ነው ወይስ የውሻ እግር? አልኩት። ሳቀ። «ዘበኛ እንጂ ሰዓሊ መች ቀጠሩ» አለ።

በግምት አቃንቼ በእንጨት ቀረጽኩት። እንጨቱ የእማዬ መክተፊያ ነው። አስፈቅጃለሁ... ማለት ይቻላል። ስታየው፣ «ሃያ ዓመት ሽንኩርት የከተፍኩበት ዛሬ ጦር ሜዳ ዘመተ» አለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አባዬ እራት ላይ፣ ሌላ ወሬ እያወራን፣ ድንገት «ማሰሪያ አታድርጊበት» አለኝ።

ኃላፊው የተቆጡት እኮ ማሰሪያ ስለሌለው ነው። ይህን ስለው፣ ጠበብ አድርጊው፣ በጥበቱ ይይዘዋል፤ ማሰሪያ ለጌጥ ነው አለ። ጋሼ ወስፌ ግን ማሰሪያ የሌለው ማህደር ኪስ ነው ብለዋል። ማንን ልመን? ሠላሳ ዓመት የታጠቀውን ወይስ አንድም ቀን ያልታጠቁትን?

የካቲት 13

አሮጌውን ማህደር ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ለማየት ብቻ። ሥራ ሲቀዘቅዝ የማሰሪያውን ጉቶ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት። (አለቃዬ ብታይ ምን ትል ነበር?)

ያረጀ ቆዳ ሲበጠስ ጫፉ ይንጨባረራል። ይሄ ግን ልሙጥ ነው። በስለት ነው የተቆረጠው።

ሌላም አለ። ቁልፉ ይገጠምበት የነበረው ቦታ ዙሪያውን ተቧጭሯል። የጥፍር ጭረት፣ አንዱ በሌላው ላይ። አንድ ሰው ሊከፍተው ሲታገል ከርሟል ማለት ነው።

የካቲት 14

የራሱን ማሰሪያ ራሱ ለምን ይቆርጣል? ለምንስ ይዋሸኛል? ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና ጨው አቀብለኝ አልኩት። በግራ እጁ አቀበለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ቆዳውን ቆረጥኩ! መጀመሪያ ልኩን በወረቀት አውጥቼ፣ በካርቶን ሞክሬ፣ ከዚያ በቆዳው ላይ ላሰምር ስል እማዬ ደረሰች። ልብስ ሰፊ ሁሉ በጀርባው ነው የሚያሰምረው፣ ፊቱን አታቆሽሺው አለችኝ። ልክ ናት ብዬ ገልብጬ በሻካራው በኩል አሰመርኩ። እርሳሱም እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሁለታችንም ደስ አለን።

ማሰሪያም ቆርጫለሁ። አልነገርኩትም። የማይፈልግበትን ምክንያት እስካላወቅሁ ድረስ ማህደሬ ማሰሪያ ይኖረዋል። ግትር ነኝ? ከማን ወረስኩት ታዲያ?

የካቲት 21

ሁለት ቀን ስፌት። ወስፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ቆዳው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ የእኔ ደም ናት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች... ግን መጀመሪያ ላይ የተጠማዘዘው ስፌት መጨረሻው ላይ ቀጥ ብሏል። ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ የእንጨቱን ሽጉጥ ከትቼ፣ ቆዳውን በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ ቅርጹን አስያዝኩት። እርጥብ ቆዳ የነገሩትን ሁሉ ይሰማል። ሲደርቅ እንቢ ይላል። አሁን መስኮት ላይ ነው፤ በየደቂቃው እየሄድኩ እነካዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 23

ደርቋል። ጠንካራ፣ ቡናማ፣ ያምራል። አባዬን ጠርቼ ቀበቶው ላይ አስገባሁለት... አልሆነም። የቀበቶ ማስገቢያው በተቃራኒው ነው። በቀኝ ወገቡ ላይ ሳደርገው እጀታው ወደ ሆዱ ዞረ። ለካ በጀርባው ያሰመርኩት ልክ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ሆኗል! ልብስ ሲሆን ሁለት እጅጌ ስላለው ማንም አያውቅብህም። ማህደር አንድ ነው። ለግራኝ ሰው ነው የሠራሁት።

እማዬ ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ልታፈገፍግ ስትል ሳቃችን መጣ። አባዬም ሳቀ፣ ከዚያ ወደ ግራው አዞረው። ገጠመ። ማሰሪያውን አየ። ግራ አውራ ጣቱን ላከ። ጠቅ። የእንጨቱን ሽጉጥ አወጣ፣ መለሰ፣ ቆለፈ። እንደገና ጠቅ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

ያኔ ነው የገባኝ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል... ማህደሩን በእጄ ያዝኩለትና «እስቲ በቀኝህ ክፈተው» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። ሞከረ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ፣ ተንሸራተተ፣ አረፈ፣ ተንሸራተተ። በጥፍሩ ሊፈለቅቀው ሞከረ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምት።»

እማዬ ወለሉን አየች። ታውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ለዚህ ነው። እኔ ፍቅር መስሎኝ እስቅባቸው ነበር። ፍቅርም ነው።

የካቲት 24

አንጀቴን በላው። እንደሱ የሚያፍር ሰው አይቼ አላውቅም። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ። ጡረታው ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሽጉጡንም ባንኩ በር ላይ በቆመባቸው ዓመታት አንዴም መዝዞት አያውቅም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ወረቀት ይጽፉብኛል፣ ያባርሩኛል አለ። ቀን ሙሉ የሰው ደም ስመረምር እየዋልኩ የገዛ አባቴን እጅ ሳላይ ከረምኩ።

ሆድ ይፍጀው ልበል? አንድ ቀን የእውነት መምዘዝ ቢያስፈልገውስ?

የካቲት 26

የእንጨቱን ሽጉጥ ጠየቀኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ መስታወት ፊት ይለማመዳል። በግራው ያወጣዋል፤ ሲያነጣጥር ግን እጁ ይዋልላል። ደጋግሞ አየውና አልጋው ላይ ተቀመጠ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከእሱ ጋር ስለሚቆመው ጎረምሳ ዘበኛ አወራኝ። በቅርቡ ልጅ ወልዷል። በሩን ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ነው የሚጠብቁት፤ አንዱ መንገዱን ያያል፣ አንዱ አዳራሹን።

«ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ነው የሚቆመው» አለ። «እኔ ደግሞ ማሰሪያ ቆርጬ ዝም።»

 

የካቲት 28

ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ልሂድ ልቅር ብሎ እንኳ አላማከረንም። ኃላፊው መጀመሪያ ጮኹ አሉ፣ ከዚያ ወንበር ሰጡት። ሽጉጡን አስረክቧል። ከሰኞ ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ነው፤ የሚገባውን ሰው ወደየመስኮቱ ይመራል። ደንብ ልብሱን አልወሰዱበትም።

ወገብህ ቀለለህ ወይ? አልኩት ላስቀው ብዬ።

«ቀለለኝ። ደስ ግን አላለኝም» አለና ቀበቶውን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

አዘንኩ። ኮራሁም። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ማህደሩ ሥራ አግኝቷል። እማዬ የሶፋው ክንድ ላይ አስራው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ትከትበታለች። በግራ በኩል ነው የምትቀመጠው፤ ልክ ለእሷ የተሰፋ ይመስላል። መክተፊያዋን ግን አልረሳችም።

ሐኪሙ የአንገት ነርቭ ነው ብሏል። ቶሎ ቢመጣ ይሻል ነበር፤ አሁን ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ብቻ እጁ እንዳይቦዝን። አባዬ ለስላሳ ኳስ ተሰጥቶት በሁለተኛው ቀን ሰለቸው።

ዛሬ ግን ቆዳ ተሸክሞ ገባ። ከጋሼ ወስፌ። የጎረምሳው ማህደር አርጅቷል፣ እንሥራለት አለኝ። እንሥራለት... ልኩን በለስላሳው ፊት ላይ አሰመርኩ፤ እማዬም በሩ ላይ ቆማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስፌቱ ላይ ስንደርስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና አንዱን መርፌ ወሰደ። በቀኙ።

ወደቀበት። አነሳው። ወደቀበት። እማዬ ልትደርስለት ስትል በዓይኔ ያዝኳት። በግራው አንስቶ በቀኝ ጣቶቹ መሃል ሰካው፣ ቀዳዳውን ፈልጎ ገፋ። ጫፉ በእኔ በኩል ብቅ አለ። ሳብኩት። የእኔን መርፌ ወደ እሱ ላክሁ። እየተላለፍን የሰፋነው ከጣት ርዝመት አይበልጥም፤ ጠማማ ነው፣ አልፈታውም።

ሲደክመው መርፌውን አስቀመጠና የተቆራረጠውን ቆዳ በእጁ እያገላበጠ የሆነ ነገር ፈለገ።

«ማሰሪያውን እንዳትረሺ» አለኝ።